ሙምባይ የሚሄድ ሰው የትኛውን በዓል ይምረጥ?

ከአዲስ አበባ ሙምባይ በቀጥታ ይበረራል። አውሮፕላኑ ላይ ለዕቃ የሚሄድ ነጋዴ አለ፣ ለሕክምና የሚሄድ ቤተሰብ አለ። ከመሃላቸው አንዱ «እግረ መንገዴን በዓል ልይ» ያለ እንደሆነ መጀመሪያ አፉ ላይ የሚመጣው ዲዋሊ፣ የሂንዱዎች የብርሃን በዓል ነው። ስሙን ሰምቶታል፣ ፎቶውን አይቶታል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት ለዲዋሊ ነበር። ከሆቴል መስኮት ርችት አየሁ፣ የተዘጋ ሱቅ ቆጠርኩ፣ እያሳለኝ ተመለስኩ።

ጥፋቱ የዲዋሊ አይደለም፣ የእኔ ነው። አንድ ፈረንጅ አዲስ አበባን ሊያይ ለፋሲካ ቢመጣ ምን ያገኛል? ጭር ያለ መንገድ። ዶሮው፣ ድፎው፣ ጨዋታው ሁሉ ከአጥር ወዲያ ነው። የሚጠራው ቤት ከሌለው ሆቴሉ ቁጭ ብሎ ይውላል። ለጥምቀት ቢመጣ ግን ጠሪ አያስፈልገውም፣ ከተማው ራሱ መንገድ ላይ ነው። ሙምባይም እንደዚሁ የቤት በዓል አላት፣ የመንገድ በዓል አላት። ዲዋሊ የቤት ነው። ቀንና ዋጋ ከማነጻጸራችሁ በፊት ይህችን ለዩ።

ጋኔሽ፦ ከተማው ሁሉ የሚወጣበት

ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ፣ ጉልበት ያለውና ግፊያ የማይፈራ ሰው ከጠየቀኝ መልሴ ጋኔሽ ቻቱርቲ ነው። ሰዎቹ ባጭሩ ጋንፓቲ ይሉታል። የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ፣ የጋኔሽ በዓል ነው። ዐሥር ቀን ገደማ ይቆያል። በ2019 ዓ.ም. መስከረም 4 ይገባና መስከረም 15 ያበቃል። እንቁጣጣሽን ቤታችሁ ውላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ለመስቀል ትመለሳላችሁ። እንዲህ የሚገጥመው ግን በየዓመቱ አይደለም። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዋልላል። እኛ ጳጉሜን በየዓመቱ እንጨምራለን። እነሱ ደግሞ በሦስት ዓመት ገደማ አንዴ ሙሉ ወር ይጨምራሉ። የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2026 ስለሆነ ነው በዓሉ ወደ መስከረም የገፋው።

ድሮ ይኼም የቤት በዓል ነበር። ወደ አደባባይ ያወጣው የነፃነት ታጋዩ ባል ጋንጋዳር ቲላክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1893። እንግሊዞች ይገዙ ነበር። ሕዝብ ለፖለቲካ ሲሰበሰብ አይወዱም፣ ለአምልኮ ሲሰበሰብ ግን መበተኑ ይከብዳቸዋል። ቲላክ በዚህች ቀዳዳ ገባ። ዛሬ በየሰፈሩ «ማንዳል» የሚባል ማኅበር አለ። መዋጮ ይሰበስባል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ከሰው ቁመት ብዙ እጥፍ የሚረዝም ምስል ያቆማል። አሠራሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። የእድር ድንኳንና ገንዘብ ያዥ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ከሁሉም ስመ ጥሩ ላልባውግቻ ራጃ ነው። «የላልባውግ ንጉሥ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የቆመ ነው። ላልባውግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ዓሣ ሻጮችና ቸርቻሪዎች የገበያ ቦታቸውን አጥተው ተሳሉ። ቦታው ሲሰጣቸው ምስሉን አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ስለት ሰሚ ነው እየተባለ ስሙ ወጣ። በማራቲ ቋንቋ ስለት «ናቫስ» ይባላል። ስሙ ነው እንጂ ነገሩ ከቁልቢ መንገድ የምናውቀው ነው። ልጅ ያጣች እናት ትሳላለች፣ ያገኘች ልጇን ይዛ ትመጣለች። ሃይማኖቱን ከሃይማኖት ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም። የሰው ልብ ግን አንድ ነው።

እዚህ ሁለት ወረፋ አለ፣ አትሳቱ። አንዱ የስለት ወረፋ ነው። እግሩን ነክቶ የሚመለሰው ሰው ነው የሚሰለፍበት፣ ሌሊቱን አቁሞ ሊያሳድር ይችላል። ሌላው ፊቱን ከሩቅ አይቶ ማለፊያ ነው። እሱም ሰዓታት ይወስዳል። የተሳለ ከሌላችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። እውነቱን ተናገር ካላችሁኝ ደግሞ ሁለቱንም ትታችሁ አጠገቡ ወዳሉት መንደሮች ግቡ። የጋኔሽ ጋሊው ምስል ከላልባውግቻ ራጃ የቀደመ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1928። ቺንችፖክሊ ደግሞ ከሱም ይቀድማል፣ 1920። ወረፋቸው ያጠረ ነው፣ ምስላቸው ግን አያንስም። ወርቅ ማየት የሚወድ ካለ ኪንግስ ሰርክል ያለውን ጂ ኤስ ቢ የሚባል ማንዳል ይይ። እዚያ ምስሉ በወርቅና በብር ያጌጣል። የሚቆየው ግን አምስት ቀን ብቻ ነው፣ ከዘገያችሁ ባዶ ድንኳን ነው የምታገኙት።

የመጨረሻው ቀን ምስሎቹ ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ዋናው ቦታ ጊርጋኦን ቾውፓቲ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው። ዶልና ታሻ የሚባሉት ከበሮዎች ደረት ውስጥ ነው የሚመቱት። ቀይ ዱቄት ከሰማይ ይዘንባል። ላልባውግቻ ራጃ ጠዋት ተነሥቶ በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ጋ ይደርሳል። መንገዱ ረጅም ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ ሕዝቡ አላሳልፍ ብሎ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ «ፑድቺያ ቫርሺ ላውካር ያ» ይላሉ። «በሚመጣው ዓመት ቶሎ ና» ማለት ነው። ሲሸኙት የሚያለቅሱ ሽማግሌዎች አይቻለሁ። ታቦት ሲመለስ የሚታየው የሰው ፊት ትዝ አለኝ።

አሁን መጥፎውን ልንገራችሁ። ጊዜው የዝናብ ወቅት ጭራ ነው። ሙቀቱም ዝናቡም አንድ ላይ ይመጣል። ግፊያ ውስጥ ጃንጥላ አይዘረጋም። ሞባይል የሚሰርቅ እጅ አለ። በመጨረሻው ቀን መጠጥ አይሸጥም። መንገድ ደግሞ ይዘጋል። አንድ ዓመት «ቅርብ ይሆንልኛል» ብዬ ባሕር ዳርቻው አጠገብ ሆቴል ያዝኩ። ራሴን ብልጥ አድርጌ። ታክሲው ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቆመ። ሻንጣዬን ራሴ ላይ ጭኜ ከበሮ መሃል ገባሁ። የሆቴሉ ሰውዬ «መንገድ እንደሚዘጋ አታውቅም?» አለኝ። ገንዘቤን ሲቀበል ግን ትንፍሽ አላለም። ስለዚህ ሆቴላችሁን ዳዳር ወይም ባንድራ አካባቢ ያዙና በባቡር ተመላለሱ። ለባሕር ዳርቻው የምትወርዱበት ጣቢያ ቻርኒ ሮድ ነው። ሴቶች የራሳቸው ፉርጎ አላቸው፣ ተጠቀሙበት።

ልጅ ወይም ታማሚ ይዛችሁ ከሆነ ለመጨረሻው ቀን አትሞክሩት። ሌላ መላ አለው። ብዙ ቤተሰብ የቤቱን ትንሽ ምስል ለአንድ ቀን ተኩል ብቻ ነው የሚያቆየው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባት ምስሉን ታቅፎ፣ ልጆች ጭብጨባ እየመቱ ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ጁሁ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄዳችሁ ቁሙ። ሞዳክ የሚባለውን ጣፋጭ ይሰጧችኋል። የሩዝ ዱቄት ነው፣ ውስጡ ኮኮናትና የሸንኮራ ስኳር አለበት። ጄሶ የሆነው ምስል ባሕር ውስጥ አልሟሟ ብሎ ስላስቸገረ ከተማው ለትንንሾቹ ሰው ሠራሽ ኩሬ ይቆፍራል። ልጆች ለማሳየት ኩሬውም አይከፋም።

ባንድራ፦ በዚያው ጉዞ የሚገኝ

ማውንት ሜሪ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ያለ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። የእመቤታችንን ልደት የሚያከብሩት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ነው። በእኛ ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት ማለት ነው። የኛ ልደታ ግንቦት 1 መሆኑን ስነግራቸው ይገረማሉ። ከዚያ ቀጥሎ ባለው እሑድ የባንድራ ገበያ ይከፈትና አንድ ሳምንት ይቆያል። በ2019 ዓ.ም. እሑዱ መስከረም 3 ነው። ጋኔሽ የሚገባው በማግስቱ። በአንድ ቲኬት ሁለት በዓል።

እዚህ የሚሸጠውን ሻማ አይቼ ቆሜ ቀረሁ። የሰም እጅ አለ፣ የሰም እግር አለ፣ የሰም ሕፃን፣ የሰም ቤት አለ። እጁን ያመመው እጅ ይገዛል። ቤት ያጣ ቤት ይገዛል። ሂንዱውም ሙስሊሙም ተሰልፎ ያቀርባል። መግቢያ አይከፈልም። ከጋኔሽ ጋር ሲወዳደር እርጋታ አለው፣ እሑዱን ካልሆነ በቀር። በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።

ዲዋሊ፦ የሚጠራችሁ ቤት ካለ

በ2019 ዓ.ም. ዋናው ቀን ጥቅምት 29 ነው። የሚጠራችሁ ህንዳዊ ወዳጅ ካላችሁ የጻፍኩትን ሁሉ ትታችሁ ለዲዋሊ ሂዱ። የደረቅ ፍሬ ወይም የጣፋጭ ካርቶን ይዛችሁ ግቡ። በር ላይ በቀለም ዱቄት የተሠራ ጌጥ ታያላችሁ፣ አትርገጡት። የኩራዝ መብራት በየደረጃው ይደረደራል። «ፋራል» የሚሉትን ቁርስ ሳታቋርጡ ይሞሉላችኋል። «በቃኝ» ብትሉ እንደኛ እናቶች ነው፣ አይሰሙም።

ጠሪ ከሌላችሁ ግን ደስ የሚለው ዋዜማው ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ማሂም ውስጥ ፋኖስ ብቻ የሚሸጥበት ጠባብ መንገድ አለ። ዳዳር የአበባ ገበያም በንጋት ሄዳችሁ እዩ፣ ብጫ አበባ በጆንያ ነው የሚጫነው። ዕለቱ ሲደርስ ሁሉም ቤቱ ይገባል። የቦምቤይ የአክሲዮን ገበያ እንኳን ተዘግቶ ውሎ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ለገድ ይከፈታል።

ለነጋዴ ይህ ሳምንት አይሆንም። ጅምላ ሻጩ ይዘጋል፣ ጉምሩክ አስጨራሹ አገሩ ይገባል። ለሕክምና የሚሄድም ቀጠሮውን ደግሞ ይጠይቅ፣ ሐኪሙም ቤተሰብ አለው። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ አያስበው። የርችቱ ጭስ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ሳሌ ሁለት ሳምንት ነው የቆየው።

ናቭራትሪ፦ ቆሞ ማየት ለሰለቸው

ዘጠኝ ሌሊት ጭፈራ ነው። በ2019 ዓ.ም. ጥቅምት 1 ይጀምራል። ጋርባ ክብ ሠርቶ እየዞሩ መጨፈር ነው። ዳንዲያ ደግሞ ሁለት ሁለት አጭር ዱላ ይዘው እያጋጩ። ከጉጅራት ግዛት የመጡ ሰዎች የሚበዙበት ሰሜኑ የከተማው ክፍል፣ ቦሪቫሊና ጎሬጋኦን፣ ትልልቅ ሜዳዎች ይዘጋጃሉ። ትልልቆቹ በቲኬት ናቸው። በየግቢው የሚደረጉት ትንንሾቹ ግን የሰው ፈገግታ ብቻ ነው የሚጠይቁት።

ከጋኔሽ የሚለየው እዚህ ተመልካች አለመሆናችሁ ነው። እጃችሁን ይዘው ክቡ ውስጥ ያስገቧችኋል። እስክስታ የለመደ ትከሻ አይጠቅምም፣ ሥራው የእግርና የወገብ ነው። ሁለት ዙር ተሳስቶ በሦስተኛው ይገባል። የድምፅ ማጉያ ማታ በአራት ሰዓት የመዝጋት ሕግ አለ። ለተወሰኑ ቀናት እስከ እኩለ ሌሊት ይፈቀዳል። ስለዚህ በጊዜ ሂዱ። ወጣት ሴቶች ተሰብስበው ቢሄዱ ከሁሉ በዓል ይህን ይወዱታል ብዬ አስባለሁ። በየቀኑ የሚለበስ ቀለም አለ። አንድ ቀን ጠዋት ባቡር ብትሳፈሩ የሴቶቹ ፉርጎ በሙሉ ብጫ ለብሶ ታገኙታላችሁ።

በአጭሩ የማልፋቸው

ሆሊ ቀለም መረጫጨት ነው። ፎቶው ያምራል፣ ቆዳው ይከፍላል። ብቻዋን ለምትሄድ ሴት መንገድ ላይ አልመክርም፣ ግቢው በተዘጋና በታወቀ ቦታ ከሆነ ብቻ። በዚያ ላይ በ2019 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም መሃል ነው የሚውለው። ዳሂ ሃንዲ ደግሞ የአንድ ቀን ነገር ነው። ወጣቶች ትከሻ ለትከሻ ተደራርበው፣ አንዳንዴ እስከ ዘጠኝ ደርብ፣ ከላይ የተሰቀለውን የእርጎ ማሰሮ ይሰብራሉ። ሲወድቁ ማየት ልብ ያቆማል። ለእሱ ተብሎ ግን ቲኬት አይቆረጥም። ረመዳን ላይ ከደረሳችሁ ከማፍጠሪያ በኋላ ሞሐመድ አሊ ሮድ ሂዱ። ሥጋ ለናፈቀው ሐበሻ ሙምባይ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሌሊት የለም።

ጥር፦ ላቡ የሚቀንስበት

ሃይማኖትም ግርግርም አልፈልግም፣ ልጆች ይዤ ከተማውን በእርጋታ ልይ ለሚል ሰው መልሱ ካላ ጎዳ ነው። የጥበብ ፌስቲቫል ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ዘጠኝ ቀን ይቆያል፣ በጥር ሁለተኛ አጋማሽ ወይም በጥር መጨረሻ አካባቢ። መግቢያው ነፃ ነው። መንገድ ላይ ትልልቅ የጥበብ ሥራዎች ይቆማሉ፣ ማታ ሙዚቃና ዳንስ አለ፣ ለልጆች የእጅ ሥራ ትምህርት አለ። ለአንዳንዱ አስቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል።

ካላ ጎዳ ጥቁር ፈረስ ማለት ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ፈረስ ላይ ተቀምጦ የቆመበት ሐውልት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ተነሥቶ ወደ ባይኩላ መካነ እንስሳት ተወሰደ። የሰፈሩ ስም ግን ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ ጥቁር ፈረስ አቆሙ። በዚህኛው ላይ ንጉሥ የለም፣ ፈረሱ ብቻ ነው። ዙሪያው በእግር የሚታይ ነው፤ የጃሃንጊር የሥዕል ጋለሪ፣ የዴቪድ ሳሱን ቤተ መጻሕፍት፣ ሰማያዊው ምኩራብ። አዲሱ የምድር ውስጥ ሜትሮ ከአየር ማረፊያው ተነሥቶ ሁታትማ ቾውክ ያደርሳችኋል፣ ከዚያ በእግር ነው። ድክመቱን ልንገራችሁ፦ ጋኔሽን ያየ ሰው ካላ ጎዳን ቢያይ «ይኸው ነው?» ይላል። ልብ አያንቀጠቅጥም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ፎቶ አንሺው ከጥበቡ ይበዛል።

በዚሁ ወር የሙምባይ ማራቶን አለ። ብዙውን ጊዜ በጃንዋሪ ሦስተኛ እሑድ ነው። በ2019 ዓ.ም. ጥር 9 ይሆናል፣ ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው። እዚያ ኢትዮጵያዊ ስትሆኑ ሰው በሌላ ዓይን ያያችኋል። ሯጩ ለሚ ብርሃኑ እ.ኤ.አ. 2023ንም 2024ንም አሸንፏል። በ2023 የገባበት 2፡07፡32 የቦታው ክብረ ወሰን ሆነ። አማኔ በሪሶም የዓለም ሻምፒዮን ከመሆኗ ሦስት ዓመት በፊት እዚያ አሸንፋለች። ባንዲራ ይዛችሁ መንገድ ዳር ብትቆሙ ህንዶቹ ከናንተ ጋር ይጮኻሉ።

የጥር ሌላው ትርፍ ሙሩድ ጃንጂራ ነው። ከሙምባይ ወደ ደቡብ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተሄዶ ባሕር ውስጥ ያለ ምሽግ ነው። ለዘመናት የገዙት ሲዲ የሚባሉ ከአፍሪካ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ህንዶች «ሀብሺ» ይሏቸው ነበር። ሐበሻ ከሚለው የመጣ ቃል ነው። በአካባቢው ኃያል የነበሩት ማራታዎች ደጋግመው ሞክረው አልያዙትም። በዝናብ ወቅት ጀልባው ስለሚቆም ለጋኔሽ የሄደ ሰው ይህን ሊያጣው ይችላል።

ሳትነሡ

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከበረራው ቢያንስ ዐሥር ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። ያለሱ ከደረሳችሁ ለይተው ሊያስቀምጧችሁ ይችላሉ፣ በዓሉ እዚያው ያልፋል።

የምትጾሙ ደግሞ «ቬጅ» የሚለውን ቃል አትመኑ። አረንጓዴ ነጥብ ያለው እሽግ ሥጋ የለበትም ማለት ነው እንጂ ወተትና ቅቤ የለበትም ማለት አይደለም። እያንዳንዱን ጠይቁ። ቫዳ ፓቭ የሚባለው ድንች በዳቦ ግን ቅቤ ሳይቀባ ሲሰጧችሁ ቀን ያሳልፋል።

እኔ ለመስከረም የያዝኩት ይኼ ነው። መስከረም 2 መድረስ። መስከረም 3 ማውንት ሜሪ፣ ግፊያ ቢሆንም በጠዋቱ። መስከረም 5 ከሰዓት ጁሁ፣ ልጆቹ ሲወርዱ። ከዚያ ሁለት ማታ ላልባውግ አካባቢ፣ ወረፋ ሳልገባ። የመጨረሻውን ቀን ከበሮ አንዴ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል። ለደመራ አዲስ አበባ ነኝ። እናቴ ስለ ሰም ሻማው ከነገርኳት ወዲህ ብር ቋጥራ አስቀምጣለች። የካቶሊክ ነው ብላት «ማርያም ማርያም ናት» አለችኝ። ጉልበት ነው የታዘዝኩት፣ የቀኙን።